የእናቴ ሬዲዮ ድንጋይ፦ ከደብተሬ የተቀዳ የሥራ ማስታወሻ

መስከረም 14

የእናቴ ሬዲዮ ዛሬ ማታ እጄ ገባ። ከመንዝ የመጣ ዘመድ በአሮጌ ነጠላ ጠቅልሎ ነው ያመጣው። “ድምፁ ጠፍቷል፤ እስቲ ልጄ ይየው ብላለች” አለኝ። የኋላ ክዳኑን ስከፍት ነገሩ ገባኝ። ሁለቱ ድንጋዮች አሁንም ውስጡ ናቸው። የአንደኛው ቆርቆሮ ተበልቶ ፈሷል። ሞላው አረንጓዴ ዝገት ለብሷል።

እኛ ቤት “ባትሪ” ማለት የእጅ መብራቱ ነው። ውስጡ የሚገባው “ድንጋይ” ነው። እዚህም እንደ ቤታችን እጽፋለሁ።

እናቴ ያለችበት መንደር መብራት አልገባም። ያላት አንዲት የሶላር መብራት ናት። ስልኳንም የምትሞላው በእሷ ነው። ሬዲዮዋና ባትሪዋ ግን የሚሠሩት ከገበያ በምትገዛው ድንጋይ ነው። በደወልኩላት ቁጥር “ድንጋዩ አልበረክት አለኝ” ትለኛለች። እኔም “ጥሩውን ግዢ” እላታለሁ። ጥሩው የትኛው እንደሆነ ግን ለክቼ አላውቅም። ዛሬ ደብተር አወጣሁ።

መስከረም 15

መጀመሪያ ጽዳት። የፈሰሰው ተራው ድንጋይ ነው፤ ማለትም ዚንክ ካርቦን። ፈሳሹ ወደ አሲድ ያደላል። ስለዚህ ቤኪንግ ሶዳ በትንሽ ውሃ በጥብጬ በጥርስ ብሩሽ አሸሁት። የፈሰሰው አልካላይን ቢሆን ኖሮ ተቃራኒውን አደርግ ነበር። እሱ የሚያፈሰው ቆዳ የሚያቃጥል አልካሊ ስለሆነ የሚነሳው በሎሚ ወይም በኮምጣጤ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ነው።

ሞላውን በብርጭቆ ወረቀት ፈትጌ አደረቅኩት። አዲስ ድንጋይ ሳስገባ ሬዲዮው ተናገረ።

ከዚያ ቴስተሩን በመሐል አስገብቼ የሚስበውን ለካሁ። በመካከለኛ ድምፅ 45 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። የእጅ ባትሪዋን ዓይነት ከሱቅ ገዝቼ እሱንም ለካሁት። 260 ሚሊአምፔር። ስድስት እጥፍ ሊጠጋ ምንም አልቀረው። ሁለቱም የሚበሉት ሁለት ትንንሽ ድንጋይ ነው፤ አበላላቸው ግን ለየቅል ነው። ይህን ቁጥር አስምሬበታለሁ።

አንድ ሌላ ነገርም ለካሁ። ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ የሚል የኃይል ምንጭ አለኝ። ከ3 ቮልት ጀምሬ ቀስ እያልኩ አወረድኩት። ሬዲዮው 2 ቮልት ላይ ድምፁ ይሻክራል። 1.8 ላይ ዝም ይላል። ይህ ማለት እያንዳንዱ ድንጋይ እስከ 0.9 ቮልት ድረስ ያገለግላል። ሌላ መሣሪያ ምናልባት 1.2 ላይ “አለቀ” ይል ይሆናል፤ ያኔ ውስጡ ገና ብዙ አለ። ስለዚህ ከአንዱ ዕቃ “ሞተ” ተብሎ የወጣ ድንጋይ ሌላው ውስጥ ቢሠራ አይግረማችሁ።

መስከረም 19

መስቀል አለፈና ሱቆች ተከፈቱ። ሦስት ዓይነት ገዛሁ። ተራውን፣ አልካላይኑንና ተሞልቶ ደግሞ የሚሠራውን ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ። ይህን የመጨረሻውን “ኒኬሉ” እለዋለሁ።

ባለሱቁ አንዱን አንስቶ “ይሄ ሄቪ ዱቲ ነው፣ አልካላይን በለው” አለኝ። “አይ ጋሼ፣ ጽሑፉን ልየው” አልኩት። ጀርባው ላይ “አር 6” ይላል። አልካላይን “ኤል አር 6” ነው። ኒኬሉ “ኤች አር 6” ይባላል። “ሄቪ ዱቲ” የሚለው ቃል የሚጻፈው የተሻሻለው ተራ ድንጋይ ላይ ነው። ከፊት ያለው ፊደል ብቻ ነው እውነቱን የሚናገረው። ይህን ማወቅ ብቻውን ገንዘብ ያድናል።

የአልካላይኑ ጥንድ የተራውን ጥንድ ሦስት እጥፍ ያስከፍላል። አራት ኒኬልና በዩኤስቢ የሚሞላ ቻርጀር አንድ ላይ የስምንት ጥንድ አልካላይን ዋጋ ወሰደብኝ።

መስከረም 20

ሬዲዮውን አልካላይን አስገብቼ በዚያው ዘመድ እጅ መለስኩላት። ያለ ሬዲዮ ማቆየት አልፈለግኩም። ሙከራው በሬዚስተር ይቀጥላል፤ በሬዲዮው ፋንታ ኃይል በሚስብ ትንሽ ዕቃ።

ሁለት ዓይነት ሙከራ ጀመርኩ። አንደኛው ጨካኙ ነው። አንድ ድንጋይ በ10 ኦም ሬዚስተር ላይ ተገናኝቶ 0.9 ቮልት እስኪደርስ ያለ እረፍት ይሠራል። ቴስተሩ ፊት ስልኬን አቁሜ በየ10 ደቂቃው ፎቶ እንዲያነሳ አድርጌዋለሁ። ሁለተኛው የእናቴን አኗኗር የሚመስለው ነው። ሁለት ሁለት ድንጋይ በ56 ኦም ላይ በቀን አንድ ሰዓት ብቻ፣ ማታ ማታ። እሷም የምትሰማው ማታ ነው።

መስከረም 24

የጨካኙ ሙከራ ውጤት ወጣ። ተራው 4 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ቆየ። አልካላይኑ 17 ሰዓት ከ50። ኒኬሉ 15 ሰዓት ከ40።

ከሰዓቱ በላይ ያስገረመኝ መስመሩ ነው። በወረቀት ላይ ስስለው ተራው ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ቁልቁለት ይወርዳል። አልካላይኑም ይወርዳል፤ ግን ረጋ ብሎ። ኒኬሉ ሲነሳም ዝቅ ያለ ነው፤ ስሙ 1.5 ሳይሆን 1.2 ቮልት ነው። ግን እዚያው 1.2 አካባቢ ሜዳ ላይ እንዳለ ሰው ረጅም መንገድ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ ገደል ነው። በ20 ደቂቃ ውስጥ አበቃለት።

“1.2 ቮልት ነው፣ ደካማ ነው” የሚሉ ሰዎች የሚያዩት የመጀመሪያዋን ደቂቃ ብቻ ነው። አልካላይኑም ገና ግማሽ መንገድ ሳይሄድ 1.2 ደርሷል።

መስከረም 26

ያለቀውን ተራ ድንጋይ በጓንት ከፈትኩት። የውጪው ቆርቆሮ ራሱ ዚንክ ነው። ለካ የሚበላው ዕቃው ነው! እየሠራ ግድግዳው ይሳሳል። ካለቀ በኋላ ውስጥ ከተረሳ ይበሳና ይፈሳል። የእናቴ ሬዲዮ ላይ የደረሰው ይኸው ነው። መሐሉ ላይ ጥቁር የካርቦን ዘንግ አለ። ዙሪያው ማንጋኒዝ ዳይኦክሳይድ ከካርቦን ጋር የተለወሰ ጥቁር ዱቄት ነው።

ያ ጥቁር ዱቄት ልጅነቴን አስታወሰኝ። ትምህርት ቤት ጥቁር ሰሌዳው ሲነጣ መምህራችን ያለቀ ድንጋይ አምጡ ይሉን ነበር። ቀጥቅጠን፣ በውሃ በጥብጠን፣ በጨርቅ እንቀባው ነበር። እጃችን ለሳምንት ጥቁር ነበር። ዛሬ ልጅ እንዲያደርገው አልፈልግም። ማንጋኒዙ በትንፋሽ ሲገባ ጥሩ ነገር አይደለም።

አልካላይን ግን እንዳትከፍቱ። እሱ ውስጡ የተገለበጠ ነው። ዚንኩ ዱቄት ሆኖ መሐል ላይ ተቀምጧል። ማንጋኒዙ ውጪ ነው። ቆርቆሮው ብረት ነውና አይበላም። ዱቄት ሲሆን የሚሠራው ገጽ ይሰፋል፤ ስለዚህ ብዙ ኃይል ባንዴ ሲጠየቅ ቶሎ አይደክምም። ግን በመሐሉ ያለው ፈሳሽ ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። ዓይን ያጠፋል።

ጥቅምት 1

የፀሐይ ሙከራ። አገር ቤት ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። እናቴ አለት ላይ ትደረድረዋለች። ከተማ ውስጥ ይህን የሚያጣጥሉ አሉ። እኔ መለካት ፈለግኩ።

ሁለት የደከሙ ተራ ድንጋዮች ወሰድኩ። ሁለቱም በ10 ኦም ላይ 0.9 ደርሰዋል። አንዱን ሁለት ሰዓት ፀሐይ ላይ፣ ሌላውን ሁለት ሰዓት ጥላ ውስጥ አቆየሁ። እንደገና ሳገናኛቸው የፀሐዩ 25 ደቂቃ ሠራ። የጥላው 15። ስለዚህ ፀሐዩ ረድቷል፤ ከፀሐዩ ይልቅ ግን እረፍቱ ነው የሠራው። ድንጋዩ ሲያርፍ ውስጡ የተጨናነቀው ነገር ይበተናል፤ ሙቀቱ ደግሞ ያፋጥነዋል። አዲስ ኃይል አልገባም። እናቶቻችን ያዩት ነገር ግን እውነት ነበር።

ጥቅምት 5

ዛሬ ወደ ሊቲየም ገባሁ። ምናለሽ ተራ ሄጄ የሞተ የላፕቶፕ ባትሪ ገዛሁ። ውስጡ ስድስት “18650” አለ። ስሙ ልኩ ነው፦ 18 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት። ላፕቶፕ “ሞተ” ሲል ብዙውን ጊዜ ሁሉም አልሞቱም። ሦስቱ 3.4 ቮልት አላቸው። አንዱ 1.1፣ ሁለቱ ዜሮ።

ስፈታ መቁረጫዬ ሁለት ጫፍ ነካና ብልጭታ ዘለለ። የመቁረጫው ጫፍ ቀለጠ። እጄ ተረፈ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ጫፍ በቴፕ እየሸፈንኩ ነው የቀጠልኩት።

ከ2 ቮልት በታች ወርደው የቆዩትን ለይቼ አስቀመጥኩ። መልሶ መሙላት ይቻላል የሚሉ አሉ። አላደርገውም። እንደዚያ ሲወርድ ውስጡ ያለው የመዳብ ገጽ ይሟሟል። ሲሞላ መዳቡ የማይገባው ቦታ ይጋገራል። ዛሬ ባይቃጠል በሌላ ቀን ሊቃጠል ይችላል።

ከደህናዎቹ አንዱን 4.2 ቮልት ድረስ ሞልቼ እስከ 3 ቮልት አወረድኩት። 1,850 ሚሊአምፔር ሰዓት ሰጠኝ፤ ይህ የሚይዘው መጠን መለኪያ ነው፣ የሚሳበው ሚሊአምፔር በቆየበት ሰዓት ተባዝቶ። የተጻፈበት 2,200 ነው። ላረጀ ዕቃ ግሩም ነው። አጠገቡ ደግሞ “9,900” ተብሎ የተጻፈበት አዲስ ነበረኝ፤ ከአንድ ሱቅ የገዛሁት። 740 ሰጠኝ። በዚህ ልክ 9,900 የሚይዝ ድንጋይ እስከዛሬ በገበያ ላይ የለም፤ ጥሩ የሚባለው 3,500 አካባቢ ነው። ሚዛን ላይ አወጣኋቸው። የላፕቶፑ 46 ግራም፣ ባለ 9,900ው 31። በቁጥር ቢዋሽም በሚዛን ተያዘ። ቴስተር የሌለው ሰው የወጥ ቤት ሚዛን ይዞ ቢሄድ ይሻለዋል።

ሶኒ ይህን ዓይነት ሊቲየም አዮን ለገበያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1991 ነው። ዛሬ ስልካችን፣ ፓወር ባንካችን፣ ሁሉም በእሱ ነው። በክብደት ሲሰላ ከኒኬሉ ሁለት እጥፍ ያህል ኃይል ይይዛል። ግን ለእናቴ ሬዲዮ አይሆንም። 3 ቮልት ለለመደ ዕቃ 4.2 መስጠት ነው።

ጥቅምት 8

የማታ ማታው ሙከራ ላይ ተራው ዛሬ አለቀ። 18 ሰዓት፣ ማለትም 18 ቀን። ልብ በሉ። በጨካኙ ሙከራ ከአንድ ድንጋይ ያገኘሁት 480 ሚሊአምፔር ሰዓት ገደማ ነበር። እዚህ 770። ድንጋዩ ያው ነው። በዝግታ ሲጠየቅና ሲያርፍ ብዙ ሰጠ። ለዚህ ነው ተራ ድንጋይ ላይ ያን ያህል ይይዛል የሚል ቁጥር የማይጻፈው። እንደ አጠቃቀሙ ይለያያል።

ጥቅምት 11

ከአሮጌ የሶላር አትክልት መብራት አንድ ነገር አገኘሁ። ልኩ እንደ ትንሹ ድንጋይ ነው። የተጻፈበት ግን 3.2 ቮልት፣ 600 ሚሊአምፔር ሰዓት። ሊቲየም ብረት ፎስፌት ነው። በጣም ደስ አለኝ። አንዱ ብቻውን የሁለት ድንጋይ ቮልቴጅ አለው። እንደ ላፕቶፑ ዓይነት በቀላሉ እሳት አይነሳበትም። ከሺህ ጊዜ በላይ ይሞላል።

ሁለተኛውን ቦታ የሚሞላ “ባዶ ድንጋይ” ከወይራ እንጨት ጠረብኩ። 14 ሚሊሜትር ውፍረት፣ 50 ሚሊሜትር ርዝመት። መሐሉን በስቼ ወፍራም የመዳብ ሽቦ አሳለፍኩበት። ጫፎቹን በሊድ በየድኩ። የእጅ ባትሪው ውስጥ አስገብቼ ሳበራው ከአልካላይኑ ደመቀ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም አልደበዘዘም።

ቻርጀሩ ላይ መጠንቀቅ አለ። የተለመደው ትንሽ የሊቲየም መሙያ ሰሌዳ 4.2 ቮልት ድረስ ይሄዳል። ለዚህኛው 3.6 ነው ልኩ። ሁለቱንም የሚችል ሰሌዳ ፈልጌ ለ3.6 አስተካከልኩት።

ጥቅምት 14

የብርድ ሙከራ። የመንዝ የጥቅምት ሌሊት ቀልድ አይደለም። ሦስቱን ዓይነት 12 ሰዓት ፍሪጅ ውስጥ አሳደርኩ። ከዚያ በ5 ኦም ላይ አንድ ደቂቃ አሠራኋቸው። ተራው ከ1.2 ወደ 1.05 ወረደ። አልካላይኑ ከ1.35 ወደ 1.27። ኒኬሉ ከ1.25 ወደ 1.22፤ እሱ ብርዱን ያወቀውም አይመስል።

ጥቅምት 20

መንዝ ገባሁ። ለሬዲዮው ሌላ አራት ኒኬል፣ ለእጅ ባትሪው ባለ 3.2 ቮልቱን ይዤ።

እናቴ ቻርጀሩን በሶላሩ የስልክ ቀዳዳ ሰክታ አየችው። ያልጠበቅኩትን ጥያቄ ጠየቀችኝ። “የሞላውንና ያልሞላውን በምን ልለየው?” እውነቷን ነው። መልካቸው አንድ ነው። ቤቷ ውስጥ ቴስተር የለም። ጥቂት አሰበችና ሰማያዊ ክር አመጣች። ከቻርጀር ሲወጣ ክር ይታሰርበታል። ሬዲዮው ውስጥ ሲገባ ክሩ ይፈታል። እኔ ወር ሙሉ ስለካ ይህን አላሰብኩትም።

አንድ ነገር ለመንኳት። “እማዬ፣ እነዚህን ፀሐይ ላይ እንዳታሰጪያቸው። ኒኬል ሲሞቅ የያዘውን ኃይል ያባክናል። ጥላ ነው የሚወደው።” እሺ አለችኝ።

ኅዳር 4

ደወለች። ሬዲዮው ደህና ነው። የእጅ ባትሪው ግን ለኪዳን ስትሄድ መንገድ ላይ ድርግም አለባት። “ድሮ ሲደክም ይነግረኝ ነበር፤ ቢጫ ይሆናል፣ ይፈዛል። ይሄ ሳይነግረኝ ጠፋ” አለችኝ። በጨለማ፣ ዳገት ላይ፣ ብቻዋን።

ሌሊቱን አልተኛሁም። ወረቀት ላይ የወደድኩት ቀጥ ያለ መስመር እሷን ጨለማ ውስጥ ጥሏታል። እኔ “አይደበዝዝም” ብዬ ያሞገስኩት ነገር ለእሷ ማስጠንቀቂያ ማጣት ነበር። ሌላም ስጋት አለ። ባለ 3.2 ቮልቱ መልኩ ከኒኬሉ ጋር አንድ ነው። ተሳስታ አንዱን በሌላው ቻርጀር ብታስገባውስ?

ለእጅ ባትሪው አልካላይን እንዲሆን ወሰንኩ። ቀስ ብሎ ይፈዛል። ሩብ ሰዓት በየሌሊቱ ብታበራው ወር ገደማ ይዘልቃታል። ዋጋውም ያዋጣል። ብዙ በሚስብ ዕቃ ላይ ከተራው አራት እጥፍ ይሠራል፣ ዋጋው ሦስት እጥፍ ነው። በአውቶቡስ ላክሁላት። ሲፈዝ ሁለቱንም አብራ እንድትቀይር፣ አሮጌና አዲስ እንዳታቀላቅል አጥብቄ ነገርኳት። ደካማው በጠንካራው ተገፍቶ የሚፈሰው እንደዚያ ሲሆን ነው።

ኅዳር 11

ነገ ኅዳር ሲታጠን ነው። ቆሻሻ ይቃጠላል። ያለቁ ድንጋዮቼን በሙሉ በቆርቆሮ ጣሳ ሰብስቤ መደርደሪያ ላይ አውጥቻለሁ። የሊቲየሞቹን ጫፍ በቴፕ ሸፍኜ ለብቻ። ድንጋይ እሳት ውስጥ ሲገባ ይፈነዳል። ሊቲየም ከሆነ ደግሞ መርዛማ ጭስ አለው። የሰፈሩን ልጆች ሰብስቤ ነገርኳቸው። እናቴንም ደውዬ ነገርኳት።

ኅዳር 14

የማታ ማታው ሙከራ ዛሬ አበቃ። አልካላይኑ 54 ቀን። ኒኬሉ ከ11 ቀን በፊት በ43 ቆሟል። በሬዲዮ ላይ እንግዲህ አልካላይኑ ከተራው ልክ ሦስት እጥፍ ቆየ፤ ዋጋውም ልክ ሦስት እጥፍ ነው። በገንዘብ አንድ ናቸው። ኒኬሎቹ ከነቻርጀራቸው የወጣባቸውን ገንዘብ የሚመልሱት በአንድ ዓመት ከሁለት ወር ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትርፍ ነው።

ታኅሣሥ 2

እናቴ ደወለች። የመጀመሪያው ጥንድ ከትናንት ወዲያ አልቆ ክር ያለበትን አስገብታለች። የእጅ ባትሪውም እስካሁን ነጭ ነው።

ጎረቤቷ ሰምታለች። እሷም ይላክልኝ ብላለች። “ሬዲዮዋ ስንት ድንጋይ ነው የሚበላው?” አልኳት። “አራት። ትልቁን” አለችኝ።

በትልቁ ልክ የተሠራ ኒኬል ስገዛ ሚዛኑን ይዤ እሄዳለሁ። ብዙዎቹ ውስጣቸው ትንሹ ድንጋይ ነው ያለው፤ የቀረው ባዶ ፕላስቲክ ነው። ደህናው ከ150 ግራም ያላነሰ መሆን አለበት። ሬዲዮውን ግን መጀመሪያ ልየው ብያታለሁ፤ ስንት እንደሚስብ ሳልለካ ምንም አልልክም።